ካሳ ኃይሉ ዘመድ አልባ አልነበረም፦ ስለ ቋራው ወታደርና ስለ ቤተሰቡ ለቀረበ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ዳግማዊ አፄ ቴዎድሮስ ዘውድ ከመጫናቸው በፊት ስላሳለፉት የወታደርነት ሕይወትና ስለ ቤተሰባቸው የሚተርክ አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን በጎንደር ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ሰንብቷል። ጸሐፊው ለንጉሠ ነገሥቱ ያላቸው ፍቅር ከየመስመሩ ይነበባል፤ በዚህ አልጣላቸውም። የምጣላቸው ጀግናውን ለማግነን ሲሉ ቤተሰቡን ስላጠፉበት ነው። የጽሑፉ አሳብ ባጭሩ ሲቀርብ የሚከተለውን ይመስላል፦ ካሳ ኃይሉ (በኋላ አፄ ቴዎድሮስ የተባለው) ከኮሶ ሻጭ እናቱ በቀር ዘመድ ያልነበረው ብቸኛ ሰው ነው፤ ፊደል ያልቆጠረ ሽፍታ ነበር፤ የጦር ጥበብን ያስተማሩት ፈረንጆች ናቸው፤ ወይዘሮ ተዋበችን ያገባው ለሥልጣን መወጣጫ ነው፤ ጎንደርን ያቃጠለው በእናቱ ላይ የደረሰውን ንቀት ለመበቀል ነው፤ ዘሩም በአለማየሁ ተቋጨ፤ አለማየሁም አገሩን ረስቶ እንግሊዛዊ ሆኖ ሞተ። እነዚህን አሳቦች በየተራ እመረምራለሁ፤ አንዳንዶቹን በአጭር አልፋቸዋለሁ፤ በሌሎቹ ላይ ግን መቆየት ግድ ይላል።

ከትውልዱ እንጀምር። ካሳ በ1811 ዓ.ም. ገደማ በቋራ ሲወለድ አባቱ ኃይሉ ወልደ ጊዮርጊስ በአገሩ የታወቁ የቋራ ባላባት ነበሩ። ደምቢያንና አካባቢውን ይገዙ የነበሩት ደጃዝማች ክንፉም በአባቱ በኩል የቅርብ ዘመዱ ናቸው። ደጃዝማች ክንፉ ቀላል ሰው አልነበሩም፤ በ1829 ዓ.ም. ከሱዳን በኩል የመጣውን የግብፅ ጦር በምዕራቡ ድንበር ድል የመቱ ስመ ጥር የጦር አበጋዝ ነበሩ። ካሳ የወታደርነትን ሀሁ የቆጠረው በእርሳቸው ቤት ነው። ማንም መንገደኛ ከዚያ ቤት ገብቶ ጋሻ አያነሣም ነበር፤ ካሳን ያስገባው ዝምድናው ነው። ደጃዝማች ክንፉ በ1831 ዓ.ም. ሲያርፉ ግዛታቸው የመሳፍንቱ መሻሚያ ሆነ፤ የክንፉ ልጆችም ከጎጃሙ ደጃዝማች ጎሹ ዘውዴ ጋር ሲዋጉ ካሳ ከእነርሱ ወገን ቆሞ ነበር። ቀጥሎም በወቅቱ የመሳፍንቱ የበላይ የነበረው የራስ አሊ እናት እቴጌ መነን ደምቢያንና ቋራን ከእጃቸው አስገቡ። እንግዲህ ካሳ ወደ ቋራ በረሃ የወረደው ዘመድ ስላልነበረው ሳይሆን የዘመዶቹ ርስትና ሹመት ስለተወሰደ ነው። ጸሐፊው ይህን ሁሉ ዘለው «ከምንም ተነሣ» ሲሉ የታሪኩን ማገር ነቅለው ጣሪያውን ብቻ ለማሳየት ሞክረዋል።

በእርግጥ አፄ ቴዎድሮስ ራሳቸው በ1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ በላኩት ደብዳቤ እግዚአብሔር ከትቢያ አንሥቶ እንዳነገሣቸው ጽፈዋል፤ ጸሐፊውም ይህን ለማስረጃ ጠቅሰዋል። ነገር ግን ደብዳቤው ነገሥታቱን አባቶቼ እያለ የሚጠራ ነው። ከትቢያ መነሣት ውርደትን አይቶ መክበርን ይናገራል እንጂ አባትና አያት ማጣትን አይናገርም፤ ዳዊት ደጋሚ የሆነ ሰው ቃሉ ከየት እንደመጣ ወዲያው ይገባዋል።

አሁን ወደ እናቱ እመለሳለሁ፤ ጽሑፉን ሳነብ ከሁሉ ይልቅ ያሳዘነኝ ይህ ክፍል ነው። ወይዘሮ አትጠገብ ወንድበወሰን በጽሑፉ ውስጥ ያገኙት አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ሲሆን፣ በእርሷም ውስጥ ስማቸው እንኳ ሳይጠራ «ኮሶ ሻጭ እናቱ» ተብለው ታልፈዋል። ባላቸው ሲሞቱ ልጃቸውን ይዘው ወደ ጎንደር የመጡ፣ በችግር ምክንያት ኮሶ ሸጠው እንዳሳደጉት የሚነገርላቸው ሴት ናቸው። ኮሶ ምን እንደሆነ ደግሞ ለጎንደር ሰው ማስረዳት ባያሻም ለወጣቶቹ ልናገር። ኮሶ ከደጋ ዛፍ የሚገኝ አበባ ነው፤ ደርቆ ይወቀጣል፣ በውኃ ይበጠበጣል፣ ጠጪው አፍንጫውን ይዞ በባዶ ሆዱ ይጨልጠዋል፤ ሆድ ውስጥ ያለውንም ትል ጠርጎ ያወጣል። ጥሬ ሥጋ በሚበላበት አገር መስፍኑም ገባሩም፣ ቄሱም ወታደሩም በየጊዜው ይጠጣው ነበር። ስለዚህ ወይዘሮ አትጠገብ ይሸጡ የነበረው የሰውን ሁሉ ጤና የሚጠብቅ መድኃኒት ነው። ባላባት ባል የነበራቸው ሴት ገበያ ተቀምጠው ልጅ ማሳደጋቸው የሚያስመሰግን እንጂ የሚያሳፍር አይደለም፤ ስድቡን የፈጠሩት ካሳን በጦር ማሸነፍ ያቃታቸው መሳፍንት ናቸው። ዛሬ ደግሞ አድናቂው የጠላቶቹን ስድብ ተቀብሎ ለጀግንነቱ ማጣፈጫ ያደርገዋል።

ካሳ ራሱ ስድቡን እንዴት እንደመለሰው ጎንደር ውስጥ ያልሰማ የለም። በ1839 ዓ.ም. መጀመሪያ እቴጌ መነን የላኩት ደጃዝማች ወንድይራድ የኮሶ ሻጭዋን ልጅ ይዤ እመጣለሁ ብሎ ፎክሮ ነበር። ድል ሆኖ በተማረከ ጊዜ ካሳ ኮሶ አስበጥብጦ አቀረበለት፤ እናቴ ዛሬ ገበያ ስላልቀናት የተረፋትን ጠጣላት በማለት አስጨለጠው ተብሎ ይተረካል። በዚህ ተረክ ውስጥ እኔን የሚገርመኝ ቅጣቱ አይደለም። ካሳ እናቴ ኮሶ አልሸጠችም ብሎ አለመካዱ ነው። በጦሩ ፊት የእናቱን ሥራ በአፉ ጠርቶ፣ ያፈረው ተሳዳቢው እንዲሆን አደረገ። ጸሐፊው ይህን ተረክ ለማሳቂያ አቅርበውታል፤ እኔ ግን ልጅ ለእናቱ የቆመበት ቦታ አድርጌ አነበዋለሁ።

«ፊደል ያልቆጠረ ሽፍታ» የሚለውን በአጭሩ ልመልስ። ካሳ በልጅነቱ በገዳም ተምሯል፤ ያ ገዳም በመሳፍንቱ ጦርነት ሲወረርና ተማሪዎቹ ሲታረዱ ካመለጡት አንዱ እንደነበር የዘመኑ ዜና መዋዕል ይናገራል። ያገኙት የውጭ አገር ሰዎችም የመጽሐፍ ቅዱስ ዕውቀቱን መስክረዋል። በዘመነ መንግሥታቸው የንጉሥ ዜና መዋዕል ለመጀመሪያ ጊዜ በግዕዝ ፈንታ በአማርኛ ተጽፏል፤ ለውጭ ነገሥታት የላኳቸው ደብዳቤዎችም የአማርኛ ናቸው። ፊደል ለማይቆጥር ሰው እንዲህ ያለ ነገር አይታሰበውም። ሽፍትነቱን በሚመለከትም፣ በዘመነ መሳፍንት ርስቱን የተነጠቀ መኳንንት መሸፈቱ፣ ከዚያም ታርቆ ሹመት ማግኘቱ የተለመደ መንገድ ነበር። ካሳን ከሌላው የሚለየው በበረሃ ሳለ ያደረገው ነው፦ ከወንበዴዎች ያስጣለውን ገንዘብ ለቋራ ገበሬዎች አከፋፍሎ የእርሻ መሣሪያ ግዙበት እንዳላቸው፣ እርሱም ከሰዎቹ ጋር እንዳረሰ ዜና መዋዕሉ ጽፏል። በኋላ በንግሥናቸው ጊዜ ወታደሩ ከገበሬው ጓዳ ገብቶ እንዳይበላ ደመወዝ ለመክፈል የሞከሩት ለዚህ ይመስለኛል። ወታደር ያልነበረ ሰው የወታደርን ጥፋት በዚያ ልክ አያውቀውም።

የጦር ጥበብን ፈረንጆች አስተማሩት የሚለው ደግሞ የጊዜውን ቅደም ተከተል ያልተመለከተ ነው። ጸሐፊው በስም የጠቀሱት እንግሊዛዊው ጆን ቤል እስከ አይሻል ጦርነት ድረስ የራስ አሊ ሰው ነበር። ካሳ በኅዳር 1845 ዓ.ም. ደጃዝማች ጎሹን ጉር አምባ ላይ ሲያሸንፍ፣ በሚያዝያ ታኩሳ ላይ የተላከበትን ጦር ሲደመስስ፣ ሰኔ 23 ቀን 1845 ዓ.ም. አይሻል ላይ ራስ አሊን ድል ሲመታ ቤል ገና ከጎኑ አልነበረም። በደብረ ታቦር አጠገብ ባለችው ጋፋት መድፍ የሠሩት ሚስዮናውያንም የመጡት ከንግሥናው በኋላ ነው። እንግዲህ የዘመነ መሳፍንትን ጀርባ የሰበሩት ውጊያዎች በአብዛኛው የተካሄዱት እነዚህ አስተማሪዎች የተባሉት ሰዎች ከመድረሳቸው በፊት ነው።

የካሳ እውነተኛ አስተማሪ ሽንፈት ነበር። በ1840 ዓ.ም. በሱዳን ድንበር በምትገኘው ደባርቂ ላይ ከግብፅ ጦር ጋር ሲገጥም ቁጥሩ ከጠላቱ እጅግ ይበልጥ ነበር፤ ነገር ግን ጠላቱ በሥርዓት የሠለጠነ፣ ምሽግ ውስጥ የቆመና መድፍ የያዘ ነበር። የካሳ ፈረሰኛና እግረኛ እየፎከረ ገብቶ በመድፍና በጠመንጃ ረገፈ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ብዛትና ወኔ ብቻውን እንደማያዋጣ ገባው። ከየአገሩ የመጣውን ወታደር ቀላቅሎ በአሥር አለቃ፣ በሃምሳ አለቃ፣ በመቶ አለቃና በሺ አለቃ ማደራጀቱ፣ ስለ መድፍም ያለ ዕረፍት ማሰቡ ከዚያ ሽንፈት የተወለደ ነው። ይህን የምለው ቤል ምንም አልጠቀመም ለማለት አይደለም። ሊቀ መኳስ ዮሐንስ ተብሎ ከንጉሡ ጋር የኖረ፣ በ1853 ዓ.ም. ስለ ንጉሡ የሞተ ታማኝ ሰው ነው። ታማኝ አገልጋይን ግን መምህር ማድረግ ለእርሱም ክብር አይጨምርለትም።

ወደ ራስ አሊ ልጅ ወደ ወይዘሮ ተዋበች አሊ ስንመጣ የጽሑፉ ድካም ጎልቶ ይታያል። ጋብቻውን ያሰቡት እቴጌ መነን ናቸው፤ ኃይለኛውን ሽፍታ በልጅ ልጃቸው ለማሰር ፈልገው ነበር። ስለዚህ ፖለቲካ አልነበረበትም አልልም። ነገር ግን የሥልጣን መወጣጫ ቢሆን ኖሮ ካሳ ከጋብቻው በኋላ አርፎ በተቀመጠ ነበር። የሆነው ተቃራኒው ነው። እንደገና ሸፈተ፣ ወንድይራድን አሸነፈ፣ በጥር 1839 ዓ.ም. ጎንደርን ያዘ፣ በሰኔም የሚስቱን አያት እቴጌ መነንን ማረከ። ከስምምነት በኋላ የደጃዝማችነት ማዕረግ ያገኘው በማረካቸው እቴጌ መፈታት ነው። ስድስት ዓመት ሳይሞላም የሚስቱን አባት ከሥልጣን አወረደ። ታዲያ በዚህ ሁሉ መካከል የምርጫ ፈተና የወደቀው በማን ላይ ነበር? በእርሷ ላይ ነው። አባቷ፣ አያቷና የራስ አሊ ወገን የሆነው መላው የየጁ ቤት በአንድ ወገን፣ ባሏ በሌላ ወገን ቆመው ሳለ፣ ባልሽን ትተሽ ነይ የሚል መልእክት እየመጣላት ከባሏ ጋር ጸናች።

ስለ እርሷ ከሚነገሩት አንዱን ልጥቀስ። ካሳ ቆስሎ በተኛ ጊዜ ሐኪሙ ለሕክምናው ሙክት ላምና ቅቤ ያስፈልጋል አለ፤ ወደ እቴጌ መነን ቢላክ ግን የመጣው አንድ ብልት ሥጋ ብቻ ነበር። ተዋበች በዚህ ከባሏ ይልቅ ተቆጣች፤ ይህን ንቀት ተቀብለህ ትቀመጣለህን ብላ አነሣሣችው ይባላል። ሥጋውን የላኩት የገዛ አያቷ ናቸው። ንቀቱን እንደ ባዳ ቆጥራ ልታልፈው፣ አልያም ለአያቷ ሰበብ ልትፈልግ ትችል ነበር። እርሷ ግን ራሷን ከተናቀው ቤት ቆጠረች። ቴዎድሮስም በዘመኑ መኳንንት ዘንድ እምብዛም ያልተለመደውን የቁርባን ጋብቻ ከእርሷ ጋር ፈጸሙ። በነሐሴ 1850 ዓ.ም. ስታርፍ የደረሰባቸውን ኀዘን ያዩ ሁሉ መዝግበውታል። ብዙዎች የንጉሡ ጠባይ የከፋው ተዋበችና ቤል ከሞቱ በኋላ ነው ይላሉ። እኔ የአንድን መንግሥት ውድቀት በሁለት ሰዎች ሞት ብቻ ማስረዳት አይቻልም ባይ ነኝ፤ ሆኖም የዘመኑ ሰዎች እንዲህ ማሰባቸው ተዋበች በዚያ ቤት ምን ያህል ድምፅ እንደነበራት በቂ ምስክር ነው። መወጣጫ ተብላ የምትታለፍ ሴት አይደለችም።

አሁን ለእኛ ለጎንደሬዎች ከባድ ወደሆነው ነገር ደርሰናል። አፄ ቴዎድሮስ በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን ዘረፉ፣ አቃጠሉ፤ አብያተ ክርስቲያናቱ ተመዘበሩ፤ ከእሳቱ ከተረፉት ጥቂቶች አንዱ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ነው። ሐውልታቸውን በፒያሳ አቁመናል፣ አዘዞ ያለውን አውሮፕላን ማረፊያ በስማቸው ጠርተናል፤ ይህም ተገቢ ነው። ነገር ግን የከተማችንን ቃጠሎ በፍቅር ስም መሸፈን አይገባንም። ጸሐፊው ቃጠሎውን አልካዱም፤ ለዚህ አመሰግናቸዋለሁ። ምክንያቱን ግን የእናታቸውን ውርደት መበቀል አደረጉት፤ ይህም ከጊዜው ጋር ጨርሶ አይገጥምም። ቴዎድሮስ በቀል ቢፈልጉ ኖሮ ጎንደርን ገና በ1839 ዓ.ም. በእጃቸው አስገብተዋት ነበር፤ ከነገሡም በኋላ ከአሥር ዓመት በላይ በሥልጣናቸው ሥር ነበረች።

እውነተኛው ምክንያት ሌላ ነው፤ ብዙም ነው። ገና ከንግሥናው መጀመሪያ ስለ ቤተ ክርስቲያን መሬት ከካህናቱ ጋር ተጣልተዋል፤ ለአንድ ደብር የሚበቃው ጥቂት ቄስና ዲያቆን ነው፣ የተረፈው መሬት ለወታደር መተዳደሪያ ይሁን አሉ፤ ካህናቱም እንቢ አሉ። ከዚያም አገሩ በየአቅጣጫው ሸፈተ፤ በወልቃይት የተነሣው ጢሶ ጎበዜ ጎንደር ድረስ ገባ፤ ንጉሡም ከተማይቱን ለሽፍታ ደጇን የምትከፍት አድርገው አዩአት። በዙሪያቸው የቀረው ግዛት ወደ ደብረ ታቦርና መቅደላ አካባቢ ሲጠብ፣ የሚከፈለው ደመወዝ ሲደርቅ፣ የተራበውን ጦር የሚቀልቡበት ጠፋ። በወጣትነቱ ለገበሬ የእርሻ መሣሪያ የገዛው ሰው በመጨረሻ በዝርፊያ ጦር የሚያሳድር ንጉሥ ሆነ። ይህን ታላቅ ኀዘን በአንዲት እናት ስም ማሳበብ ለወይዘሮ አትጠገብ ሁለተኛ በደል ነው፤ በመጀመሪያ ስሟን ነሥተው፣ ቀጥሎ የእሳቱን ዕዳ ያሸክሟታል። ከተማይቱንም ቢሆን አይክስም፤ የደብሮቹ መጻሕፍት ተሰብስበው መቅደላ መድኃኔ ዓለም መግባታቸውን፣ ከዚያም በ1860 ዓ.ም. በእንግሊዞች ተዘርፈው ከመቶ በላይ የሚቆጠሩት ወደ ለንደን መወሰዳቸውን የሚያስታውስ ሰው፣ ጎንደር ሁለት ጊዜ እንደተዘረፈች ይረዳል።

የመጨረሻው ልጆቹን የሚመለከት ነው። «ዘሩ በአለማየሁ ተቋጨ» ማለት ሌሎቹን ልጆች ከታሪክ መሰረዝ ነው። አልጣሽ ቴዎድሮስ የት ሄደች? በመቅደላ ላደገው ለሸዋው ምኒልክ የተዳረችው እርሷ ናት። በ1857 ዓ.ም. ምኒልክ ከመቅደላ ሲያመልጥ ትቷት ሄደ፤ በኋላም ለዓድዋው ባርያው ጳውሎስ ተዳረች። አባቷ አገር ለማያያዝ ሁለት ጊዜ የላኳት ልጅ ናት፤ የዚያ መንግሥት ታሪክ ያለ እርሷ አይጻፍም። መሸሻ ቴዎድሮስም የአለማየሁ ታላቅ ወንድም ነው፤ ከአባቱ ሞት በኋላም በሕይወት ነበር።

አለማየሁ በ1853 ዓ.ም. የሰሜንና የትግራይ ገዥ ከነበሩት ከደጃዝማች ውቤ ልጅ ከእቴጌ ጥሩወርቅ ተወለደ። ጥሩወርቅ አባታቸው በቴዎድሮስ ደረስጌ ላይ ተሸንፈው የታሰሩባቸው ሴት ናቸው፤ ትዳሩም ፍቅር የሰመረበት አልነበረም። ንጉሡ ሲገቡ ዳዊታቸውን ከመድገም አልነሣም ብለው፣ ከእርስዎ ከሚበልጥ ንጉሥ ጋር እየተነጋገርሁ ነው ማለታቸው ይተረካል። አፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ራሳቸውን ሲሠዉ ልጁ ገና ሰባት ዓመቱ ነበር። ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ ባሕር ሲወርዱ እናቱ መንገድ ላይ ታመው ሞቱና ጨለቆት ተቀበሩ። ልጁ አባቱን ባጣ በወሩ ገደማ እናቱን ቀበረ፤ ከዚያ መርከብ ላይ ተሳፈረ።

«አገሩን ረሳ» የተባለው ይህ ልጅ ነው። ያልመረጠውን አገር መርጧል ማለት እንዴት ይቻላል? የእናቱ እናት ወይዘሮ ላቂያዬ ከኢትዮጵያ ሆነው ስለ እርሱ ደብዳቤ ጽፈዋል፤ የሚፈልገው ዘመድ ነበረው ማለት ነው። በራግቢ ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎም በሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት አስገቡት፤ በሁለቱም አልተደሰተም። በኅዳር 1872 ዓ.ም. በሊድስ በዐሥራ ስምንት ዓመቱ በሳንባ ሕመም አረፈ፤ በዊንድዘርም ተቀበረ። ዐፅሙ ለአገሩ እንዲመለስ የቀረበውን ጥያቄ የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት በ2015 ዓ.ም. የሌሎችን ዐፅም ሳይነካ ማውጣት አይቻልም ብሎ መልሶታል። እንግሊዛዊ ሆኖ ሞተ የሚለው ቃል፣ ጸሐፊው ባያስቡትም፣ ለዚያ እምቢታ ድጋፍ የሚሆን ነው፤ በጎንደር ሰው ብዕር መጻፉም ይበልጥ ያሳዝናል።

ስለዚህ ጽሑፉ እንደገና የሚታተም ከሆነ ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። ወይዘሮ አትጠገብ ወንድበወሰን በስማቸው ይጠሩ፤ አልጣሽና መሸሻ ከልጆቹ ተራ ይግቡ፤ ስለ አለማየሁ የተጻፈው የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ይውጣ። ስለ ጎንደር ቃጠሎ ምክንያት ግን ጸሐፊው ከእኔ የተለየ ማስረጃ ካላቸው ያቅርቡትና እንወያይበት፤ እኔም ለማንበብ ዝግጁ ነኝ።